ኮምፒውተር ሳይንስ ከአንድ ዓመት ሥራ ጋር፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለሚነሣ ተማሪ የአማራጮች ንጽጽር

በየዓመቱ የፍሬሽማን ውጤት ታውቆ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲደርስ፣ በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ወላጆችና ተማሪዎች የሚያነሡት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ይሻላል ወይስ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ይሻላል ወይስ ሐረማያ እየተባለ ሳምንት ሙሉ ይመከራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኔ ግምት ግን ከምረቃ በኋላ ያለውን ዕድል ይበልጥ የሚወስነው ተማሪው በትምህርቱ ዘመን ወይም ወዲያው እንደ ጨረሰ፣ ሌሎች ሰዎች በየቀኑ የሚገለገሉበትን ፕሮግራም እየነካ፣ የጻፈውን ኮድ አንብቦ የሚያርመው ሰው ባለበት ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለመሥራቱ ነው። ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው አንድ ዓመት የሚያህል ሥራን ከኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ጋር ለማጣመር ከዚህ አካባቢ ለሚነሣ ተማሪ ክፍት የሆኑትን መንገዶች ነው። መንገዶቹ እኩል ስላልሆኑ እኩል ቦታ አልሰጣቸውም።

በሌላው ዓለም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ከትምህርቱ ጋር አንድ ዓመት የኢንዱስትሪ ሥራ ያለው ዲግሪ በስፋት የሚታወቀው በብሪታንያ ነው። በእንግሊዝ የመጀመሪያ ዲግሪ በመደበኛው 3 ዓመት ሲሆን፣ የሥራ ዓመት ያለበትን የመረጠ ተማሪ ሁለተኛውን ዓመት እንደ ጨረሰ ለአንድ ዓመት ያህል በአንድ ድርጅት በደመወዝ ተቀጥሮ ይሠራና የመጨረሻውን ዓመት ለመማር ይመለሳል፤ በዚህም ትምህርቱ 4 ዓመት ይፈጃል። አሠራሩ የቆየ ነው። በሰንደርላንድ የቴክኒክ ኮሌጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 የተጀመረ ሲሆን፣ በአሜሪካ ደግሞ ኸርማን ሽናይደር የተባሉ መምህር በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ በ1906 ትምህርትና ሥራን የሚያፈራርቅ መርሐ ግብር አስጀምረዋል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ሥራውን ሲጀምር ይህንኑ ሥርዓት መሠረቱ አድርጎታል፤ ተማሪዎቹ በአብዛኛው አራት ወር ተምረው አራት ወር ይሠራሉ። ጀርመኖች ደግሞ ተማሪው መጀመሪያ ከቀጣሪ ድርጅት ጋር ውል የሚገባበት፣ ከዚያም ሦስት ሦስት ወር እያፈራረቀ የሚማርበትና የሚሠራበት ጥምር ትምህርት አላቸው።

በእኛ አገር የመደበኛ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ሙሉ የሥራ ዓመት የለም። ለዚህ አሳብ ይበልጥ የሚቀርቡት፣ ብዙ ወላጅ ሁለተኛ ምርጫ አድርጎ የሚያያቸው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ናቸው፤ በእነርሱ ዘንድ የትብብር ሥልጠና የትምህርቱ አካል ነው። በዩኒቨርሲቲ ያለው አጠር ያለ ልምምድ በመሆኑ፣ ዓመቱን የሚፈልግ ተማሪ ከተለያየ ቦታ ቆራርጦ መገጣጠም ይኖርበታል።

በአገር ውስጥ፦ አራት ዓመት ወይስ አምስት፣ ድሬዳዋ ወይስ ሐረማያ

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ፍሬሽማን ስለ ተመለሰ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ በመደበኛው መርሐ ግብር 4 ዓመት የሚፈጅ ሲሆን የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ትምህርት ነው። የኢንዱስትሪ ልምምዱ የሚውለው በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት መካከል ባለው ክረምት ላይ ነው። በአራተኛው ዓመት ደግሞ ተማሪዎች በቡድን የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራሉ። እንደ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ኢንጂነሪንግ ያሉት የኢንጂነሪንግ ዘርፎች 5 ዓመት ይፈጃሉ፤ ልምምዳቸውም አንድ ሴሚስተር የሚያህል ነው። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግን በተመለከተ ተማሪው በደፈናው ከመወሰን ይልቅ፣ የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምርበትን ሥርዓተ ትምህርት ከትምህርት ክፍሉ ጠይቆ ልምምዱ ስንት ሳምንት እንደሆነና ስንት ክሬዲት እንደሚያዝለት ቢያረጋግጥ ይሻላል።

ሲታይ የሴሚስተሩ ልምምድ ከክረምቱ የተሻለ ነው፤ ለእርሱ ብሎ አምስተኛ ዓመት መጨመር ግን ሌላ ሒሳብ ነው። የሚጨመረው ዓመት የቤተሰብ ወጪና የኮስት ሼሪንግ ዕዳ አለው፤ ከዚያ ዓመት ውስጥም ለሥራ የሚውለው ከግማሽ አይበልጥም። ሃርድዌርና የቁጥጥር ሥርዓት የሚወድ፣ ከፋብሪካ ማሽን አጠገብ መቆም የሚፈልግ ተማሪ አምስቱን ዓመት ቢመርጥ ትክክል ነው። ፕሮግራም መጻፍ የሚፈልግ ተማሪ ግን አራቱን ዓመት ጨርሶ የተረፈውን አንድ ዓመት ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ ቢያውለው ይበልጥ ይጠቀማል።

በዩኒቨርሲቲዎቹ መካከል ያለውን ልዩነት ሰዎች በስም ሊመዝኑት ይሞክራሉ፤ ሐረማያ በ1946 ዓ.ም. በእርሻ ኮሌጅነት የተመሠረተ አንጋፋ ነው፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የተከፈተ ነው ይባላል። ለዚህ ጉዳይ ከዕድሜያቸው ይልቅ አቀማመጣቸው ይበልጥ ዋጋ አለው። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በባጃጅ ወጥቶ ከዚራ፣ ለገሃሬ ወይም ሳቢያን የሚገኝ መሥሪያ ቤት ደርሶ መመለስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ስለዚህ በሴሚስተር መካከልም ቢሆን በሳምንት ሁለት ከሰዓት እየሄዱ መሥራት ይቻላል። የሐረማያ ተማሪ ወደ ድሬዳዋ ለመውረድ የደንገጎን ቁልቁለት፣ ወደ ሐረር ለመሄድም የራሱን የታክሲ ጉዞ ማሰብ አለበት፤ ጠዋት ወርዶ ማታ ለመመለስ አይከብድም፣ በየሳምንቱ ሲሆን ግን ኪስንም ጉልበትንም ይጎዳል።

ሐረማያ በምትኩ በራሱ ግቢና በሐረር ባሉት ተቋማቱ ውስጥ ሥራ አለው። የግብርና ምርምር መረጃ፣ የዘርና የእንስሳት መዝገብ፣ በሐረር ከተማ ያለው ሕይወት ፋና ሆስፒታልና የጤና ኮሌጁ የሚያመነጩት ሥራ፣ ተማሪው አነፍንፎ ከፈለገው በአንድ አማካሪ መምህር ደብዳቤ የሚከፈት በር ነው። ከጤና መረጃ ጋር መሥራት የሚፈልግ ተማሪ፣ የጤና ሚኒስቴር በመላ አገሪቱ የሚጠቀምበትን ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለ የመረጃ ሥርዓት በሥራ ላይ እያለ የሚያይበት ዕድል በሐረር አለው፤ በድሬዳዋም በድል ጮራ ሆስፒታል ተመሳሳይ ዕድል መፈለግ ይችላል።

ድሬዳዋ ያላት ብልጫ የንግድና የትራንስፖርት ከተማ መሆኗ ነው። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ጀምሯል፣ ደረቅ ወደቡና የኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚሁ ናቸው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው እዚህ ነው፣ ሳፋሪኮምም በዚያው ወር ኔትወርኩን በሙከራ መልክ መጀመሪያ የከፈተው በድሬዳዋ ነው። ይህ ሁሉ ሲነበብ ደስ ቢልም ተማሪውን እንዳያታልለው እሰጋለሁ፤ ባንኮችም ሆኑ ሌሎች ትልልቅ ድርጅቶች ሶፍትዌራቸውን በአብዛኛው የሚሠሩትና የሚያስተዳድሩት በዋና መሥሪያ ቤታቸው ስለሆነ፣ ድሬዳዋ ቅርንጫፍ የተመደበ ተለማማጅ ኮድ ላያይ ይችላል። ትልቅ ስም ያለው ድርጅት ቅርንጫፍ ከመግባት፣ ለነጋዴዎች የዕቃና የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራ አራት ሰው ያለበት ቢሮ መግባት ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ክረምት ለምን አይበቃም

በሥራዬ ምክንያት የተለማማጆችን መዝገብ አንብቤ እፈርማለሁ። ከሌላ መሥሪያ ቤት ተሰናብቶ ወደ እኛ የመጣ አንድ ተማሪ ይዞት የነበረው መዝገብ አሁንም ትዝ ይለኛል፤ ሰኞ፣ «ሦስት ኮምፒውተር ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ጫንኩ»፤ ማክሰኞ፣ «የፕሪንተር ድራይቨር ጫንኩ»፤ ረቡዕ፣ «የኔትወርክ ገመድ ክሪምፕ አደረግኩ»፤ ሐሙስ፣ «ሥራ አልነበረም» ተብሎ ተጽፎ ከተሠረዘ በኋላ ከላዩ «ስለ ኔትወርክ አነበብኩ» ተብሏል። ቀጣዩ ሳምንትም ከዚህ እምብዛም የተለየ አልነበረም። ፎርማት ማድረግ የሚናቅ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም ሦስት ዓመት ዳታ ስትራክቸርና ዳታቤዝ የተማረ ሰው ከዚህ ውጪ ምንም ሳይነካ ክረምቱ ካለቀ ልምምዱ ለማኅተም ብቻ ሆነ ማለት ነው።

ጥፋቱ የአሠሪው ብቻ አይደለም። ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ለሚቆይ ሰው ማንም የደንበኞቹን ዳታቤዝ በእጁ አይሰጠውም፤ ሊሰጠውም አይገባም። ተለማማጁ የቢሮውን አሠራር እስኪለምድ አንድ ወር ይሄዳል፣ ሥራው ሊገባው ሲጀምር ደግሞ የመመለሻው ቀን ይደርሳል።

ረዘም ያለ ጊዜ ምን እንደሚለውጥ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በታይዋን ሰፈር አካባቢ ያለ አንድ የጅምላ ነጋዴ ፓስታና ማካሮኒ በካርቶን ገዝቶ በካርቶንም በፍሬም ይሸጣል። የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራሙ ግን በየጊዜው ከዜሮ በታች የሆነ ክምችት ያሳይ ስለነበር፣ የመጋዘኑ ሠራተኛ ፕሮግራሙን ትቶ በደብተር ይጽፍ ነበር። ልምምዷን ጨርሳ ለመመረቂያ ፕሮጀክቷ እኛው ጋር የቀረች አንዲት ተማሪ፣ ችግሩ የግዢው ሠንጠረዥ መጠኑን ብቻ እንጂ መስፈሪያውን የማይመዘግብ መሆኑን ደረሰችበት፤ አሥር ካርቶን ሲገባ አሥር ተብሎ ይመዘገባል፣ ሲሸጥ ግን በፍሬ ይቀነሳል። ዓምዱን መጨመር የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ከባዱ የቀድሞውን መዝገብ ማስተካከል ነበር፤ የትኛው ግዢ በካርቶን፣ የትኛው በፍሬ እንደ ነበር የሚያውቀው ያ ደብተር ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ካርቶን 20 ፍሬ፣ አንዳንዱ 24 ይይዛል፤ ሥራው ሱቁ ከተዘጋ በኋላ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ተይዞ፣ መብራት ቢሄድ ከየት እንደሚቀጠል አስቀድሞ ታስቦ መሠራት አለበት። መጋዘኑ ውስጥ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየተፈራረቁ ስለሚነገሩ አንዱ ዕቃ ሦስት ስም ነበረው። ልጅቷ ይህን ሁሉ መጠየቅና መረዳት የቻለችው፣ እዚያ ቤት መመላለስ ከጀመረች ከሁለት ወር በላይ ስለ ሆናትና ሠራተኞቹም ስለ ለመዷት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው አያነሣውም። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የብዙ ነጋዴም ሒሳብ ይህንኑ ይከተላል። የሒሳብና የዕቃ ፕሮግራም በእውነት የሚፈተነው በሰኔ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ፣ ግዢ ሲጣደፍና ሪፖርት ሲጠየቅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተለማማጅ በሐምሌ ሲገባ ያ ሁሉ አልፏል፤ ቢሮው ዓመት ፈቃድ በወጡ ሰዎች ወንበር የተሞላበት፣ ሥራው የተቀዛቀዘበት ወቅት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው ቢያንስ አንድ ሰኔ ያያል፤ ያንን ያየ ሰው ደግሞ ፕሮግራም ሲጽፍ ማንም ሳይነግረው የዓመት መዝጊያን ያስባል።

ትምህርት አቋርጦ መሥራት

አንዳንድ ተማሪ የብሪታንያውን አሠራር አይቶ፣ «ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት ላይ ዊዝድሮዋል ሞልቼ አንድ ዓመት ብሠራስ?» ይላል። አልመክረውም። በመጀመሪያ ደረጃ ያ ዓመት በዩኒቨርሲቲው ዘንድ ልምምድ ሳይሆን ማቋረጥ ነው፤ ክሬዲት አይያዝለትም፣ አማካሪ አይመደብለትም፣ ሲመለስም ሪአድሚሽን በጊዜው ማመልከትና ተቀባይነት ማግኘት ይኖርበታል፤ በመካከሉ ሥርዓተ ትምህርቱ ከተለወጠ ወይም አብረውት የነበሩት ካለፉ፣ ያልወሰደው ኮርስ እስኪሰጥ ሊጠብቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን ማለፍ አለበት፤ ማለፊያውም ከመቶ 50 ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ፈተናው ከፕሮግራሚንግና ከዳታቤዝ አልፎ አውቶማታ፣ ኮምፓይለር ዲዛይንና ኦፕሬቲንግ ሲስተምን ይጨምራል። አንድ ዓመት ሙሉ ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የድረ ገጽ ፎርም ሲሠራ የቆየ ሰው የአውቶማታን ንድፈ ሐሳብ እንደ አዲስ ማጥናት ግድ ይሆንበታል።

ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት የሥራ ማስታወቂያዎቻችን ናቸው። በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ማስታወቂያ ላይ የሥራ ልምዱ ከምረቃ በኋላ የተገኘ እንዲሆን ይጠየቃል፤ ከግል ድርጅት የተገኘ ከሆነም የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ በማስረጃ እንዲረጋገጥ ይፈለጋል። በማቋረጥ የተገኘ ልምድ ይህን አያሟላም። የግል የሶፍትዌር ቢሮዎች ስለ ወረቀቱ ብዙም አይጨነቁም፤ ምን እንደሠራህ ይጠይቃሉ፣ ኮድህን ያያሉ። ነገር ግን ወደፊት የት እንደሚያመለክት ገና ያላወቀ ወጣት፣ ግማሹ ገበያ የማይቆጥርለትን ዓመት በትምህርቱ ዋጋ ባይገዛው ጥሩ ነው።

ማቋረጥ ምክንያታዊ የሚሆነው በአንድ ሁኔታ ብቻ ይመስለኛል፤ ቤተሰብ ተቸግሮ ተማሪው የግድ መሥራት ሲኖርበት። እንደዚያ ከሆነ በሕጋዊ መንገድ ፎርም ሞልቶና ቅጂውን ይዞ ይውጣ፤ ዝም ብሎ የጠፋ ሰው ሲመለስ የሚገጥመው ጣጣ ሌላ ነው።

እየሠሩ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መማር

ይህ መንገድ በቤተሰብ ጉባኤ ላይ ዘወትር በመጨረሻ የሚነሣ ቢሆንም፣ አንድ ዓመት ብቻ ሳይሆን ከዚያ የበለጠ የሥራ ጊዜ የሚሰጠው እርሱ ነው። ተማሪው ሳምንቱን ሙሉ ተቀጥሮ ይሠራል፣ በኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ ይማራል። ክፍያው በክሬዲት ሰዓት ነው፤ ትምህርቱ ከመደበኛው ይረዝማል፤ ዶርምና ካፌ የለውም። የመውጫ ፈተናው አንድ ነው፤ በግል ኮሌጅ የተማረም ሆነ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ይፈተናል።

የሚሠራው ሥራ ከኮምፒውተር ጋር የተያያዘ ከሆነ ይህ ጠንካራ አማራጭ ነው። በሱቅ ካሸርነት ወይም በእንግዳ ተቀባይነት እየሠሩ መማር ግን ገንዘቡን እንጂ የምንነጋገርበትን ልምድ አይሰጥም። የድሬ ሙቀት ቀኑን ሙሉ አድክሞት፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል ገብቶ አልጎሪዝም መከታተል ምን እንደሚጠይቅ የሞከረው ያውቀዋል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በዘርፉ ሠልጥኖ ሥራ ለያዘ ወጣት ይህ መንገድ በጣም ተስማሚ ነው፤ መደበኛ ምደባ ላገኘ ተማሪ ግን መደበኛውን ትቶ ወደዚህ የሚመጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ውጭ መውጣት

አቅም ያለው ቤተሰብ፣ ወይም ውጭ የሚኖር ዘመድ ያለው ተማሪ፣ የሥራ ዓመት ያለበትን የብሪታንያ ዲግሪ ሊያስብ ይችላል። ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ የሥራው ዓመትም በትምህርት ማስረጃው ላይ የሚታወቅ፣ ደመወዝ ያለው፣ ዩኒቨርሲቲው የሚከታተለው ነው። ይሁን እንጂ በማስታወቂያው ላይ በትንሹ የሚጻፉትን ነገሮች አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ብዙ የብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች የ12ኛ ክፍል ውጤታችንን ብቻ ይዞ የመጣን ተማሪ በቀጥታ ከመቀበል ይልቅ የመሠረት ዓመት እንዲማር ይጠይቁታል፤ ስለዚህ አራት ዓመት የተባለው አምስት ይሆናል። በሥራው ዓመት የሚከፈለው ክፍያ ለእንግሊዝ ተማሪዎች ከሙሉ ክፍያው አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ለውጭ ተማሪ ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስለሚተምነው፣ ከመመዝገብ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሥራውን የሚፈልገውም በአብዛኛው ተማሪው ራሱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሲቪ ያርማል፣ ማስታወቂያ ያሳያል፣ ቃለ መጠይቅ ያለማምዳል፣ ቦታ ግን አይሰጥም። ማመልከቻው ሥራው ከመጀመሩ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ ተማሪው ሁለተኛ ዓመት ሲገባ ይጀምራል። ቦታ ያላገኘ ተማሪ ወደ ሦስት ዓመቱ ዲግሪ ይዛወራል፤ ለውጭ ተማሪ ደግሞ ይህ የቪዛ ጉዳይንም ያስከትላል።

ቪዛውን በተመለከተ፣ የሥራው ዓመት የዲግሪው አካል እስከሆነ ድረስ በተማሪ ቪዛ ሙሉ ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል፤ ለዚህም የቀጣሪ ዋስትና አያስፈልግም። ከዚያ ውጪ ባለው የትምህርት ጊዜ ግን የዲግሪ ተማሪ ሥራ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ተገድቧል። በመከላከያና በአንዳንድ የመንግሥት ሥራዎች የዜግነት ወይም የነዋሪነት ጥያቄ ስለሚኖር፣ ለአገሬው ተማሪ የተከፈተው ቦታ ሁሉ ለእኛ ልጅ ክፍት አይደለም። ተመርቆ ወደ አገር የሚመለስም ዲግሪውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ማሠራት ይኖርበታል።

የጀርመኑ ጥምር ትምህርት በመርሕ ደረጃ ከሁሉም ይማርከኛል፤ ቢሆንም ቋንቋውን ሳይችሉና ከቀጣሪ ጋር ውል ሳይዙ ከድሬዳዋ ሆኖ ማሰቡ ከምኞት አያልፍም። በአጠቃላይ ስኮላርሺፕ ያገኘ ወይም ወጪው ቤተሰቡን የማያናጋበት ተማሪ ይሂድ። ቤት ሸጦ ወይም ተበድሮ ለሥራ ዓመቱ ብሎ የሚሄድ ግን፣ የሚገዛው የማመልከት ዕድልን እንጂ ሥራውን እንዳልሆነ ይወቅ።

ዓመቱን እዚሁ መገጣጠም

ለአብዛኛው የዚህ አካባቢ ተማሪ የምመርጠው ይህን ነው። ኮምፒውተር ሳይንስን በአራት ዓመቱ መርሐ ግብር ይማር፤ የሦስተኛውን ዓመት ክረምት ልምምድ፣ የአራተኛውን ዓመት የመመረቂያ ፕሮጀክትና ከምረቃ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ወራት በአንድ መሥሪያ ቤት ያድርጋቸው። ሦስቱ በየፊናቸው አጭር ናቸው፤ በአንድ ቦታ ሲሆኑ ግን ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ትውውቅ ይሆናሉ። ክረምት ላይ ፕሪንተር ያስተካከለው ልጅ፣ በኅዳር የፕሮጀክት ርእሱን ከዚያው ቤት ችግር ይወስዳል፣ በሰኔ ሒሳብ ሲዘጋ ለሁለት ቀን ጎራ ብሎ ያያል፣ ሲመረቅ ደግሞ ቴምፖውን (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃውን) ይዞ ሲመጣ ቀጣሪው «ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቀውም። ብዙ ተማሪ ለፕሮጀክቱ የቤተ መጻሕፍት ወይም የተማሪዎች ምዝገባ ሥርዓት የሚል ርእስ ይመርጣል፤ ተሠርቶ ከቀረበ በኋላ ማንም አይጠቀምበትም። እውነተኛ ተጠቃሚ ያለው ትንሽ ፕሮጀክት ከዚያ ይሻላል፤ መምህራንም በዚህ የሚከፉ አይመስለኝም።

በቅጥር ጊዜ ሊረሱ የማይገባቸው ነገሮች አሉ። ልምምዱ በአብዛኛው አይከፈልበትም፤ የትራንስፖርት የሚሰጡ ቢኖሩም ጥቂቶች ናቸው። ከምረቃ በኋላ ያለው ግን ቅጥር ስለሆነ ውል ይጻፍ፣ የሥራ ግብር ይከፈል፤ ያለዚያ ከዓመት በኋላ የሚጻፈው የልምድ ደብዳቤ ማስታወቂያው የሚጠይቀውን አያሟላም። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ «ለስድስት ወር በሙከራ ትሠራለህ» የሚል ቀጣሪ ሲገጥም ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ የተሠራውን ሥራና ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ይግለጽ፤ «በትጋት አገልግሏል» የሚለው ብቻውን ምንም አይነግርም።

ከመግባት በፊት መሥሪያ ቤቱን የሚለየው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ኮዴን ማን ያየዋል? የሚያነብ ሰው በስም ከተጠራ ቦታው ይያዝ። «አንተ ራስህ ነህ የአይቲው ኃላፊ» ከተባለ፣ ደመወዙ ጥሩ ቢሆንም ለመጀመሪያ ዓመት አይስማማም፤ ብቻውን የሚሠራ ጀማሪ ስህተቱን የሚነግረው የለም። ኮዱ የለውጦችን ታሪክ በሚመዘግበው ጊት በተባለ ፕሮግራም ይያዛል ወይስ በፍላሽ ይዘዋወራል፣ መጠባበቂያ ቅጂው መጨረሻ የተሞከረው መቼ ነው ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም። እንደ አምስት ሚሊዮን ኮደሮች ባሉ ነፃ ሥልጠናዎች የተገኘ ሰርተፍኬት ለዚህ ሁሉ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ የሥራውን ዓመት ግን አይተካም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ለልምምድ እንዲቀበሉት ለመሥሪያ ቤቶች የሚጽፈውን የትብብር ደብዳቤ ሁሉም ተማሪ ፈተና ከጨረሰ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሚጠይቅ፣ ያን ጊዜ ጥሩዎቹ ቢሮዎች ተይዘው ይገኛሉ። ሦስተኛ ዓመት የሆነ ተማሪ በየካቲት ወይም በመጋቢት፣ ጠዋት ላይ፣ ከቀትሩ ሙቀትና ዕረፍት በፊት፣ በአካል ሄዶ ኃላፊውን ያነጋግር፤ የሠራው ትንሽ ነገር ካለ በስልኩ ላይ ያሳይ፤ ስሙንና የሚፈልገውን ወር ጽፎ ይተው። ደብዳቤው ሲመጣ የሚቀረው ፋይል ማስከፈት ብቻ ይሆናል።